የቆመው ካምቢዮ

እኛ ቤት ዘይት ያንጠባጠበ ሰው በጥፊ ይመታል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ የጋራዡ ሕግ ነው። ተጠግኖ ያለቀ ሞተር ሳይክል ሁሉ ባለቤቱ ከመረከቡ በፊት ነጭ ካርቶን ላይ ቆሞ ያድራል። ጠዋት አባዬ ይመጣል፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ይሰቅላል፣ ካርቶኑን በእግሩ ስቦ ያወጣና ያየዋል። ንጹህ ከሆነ ምንም አይልም። ጠብታ ካለበት ግን ጎንበስ ብሎ መዳፉን ዘይቱ ላይ ያሻል፤ ከዚያ ሥራውን የሠራውን ሰው ጠርቶ ጉንጩ ላይ ያሳርፍበታል። "ማኅተም" ነው የሚለው። የታተመ ሰው ደግሞ እስከ ሥራ መውጫ ፊቱን መታጠብ አይፈቀድለትም።

መንገዱ ሁሉ አባዬን "መዶሻው" ነው የሚለው። "የመዶሻው ልጆች ዛሬም ታትመዋል" እያሉ ጎረቤቶቻችን በሳቅ ይፈርሳሉ። ይሳቁ፣ ምን አለባቸው፣ ጉንጩ የእነሱ አይደል። ስንቱ ተቀጣሪ መጥቶ፣ ማኅተሙን ቀምሶ፣ ለምሳ እንደወጣ በዚያው ቀርቷል። የቀረነው እኔና ታላቅ ወንድሜ ነን። ልጅነት እንደ ቅጥር አይለቀቅማ።

ወንድሜን ጋሽዬ ነው የምለው። ረጋ ያለ ነው፤ ብሎን ሲፈታ እንኳ ብሎኑን ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። ባለፈው ክረምት አንዱ ማኅተም ከጉንጩ አልፎ ግራ ጆሮው ላይ አረፈ። ደም መጣ፤ ከደሙ በኋላ ውሃ የመሰለ ነገር መጣ። ከዚያ ወዲህ ያ ጆሮ ምንም አይሰማም። ሐኪሟ እማዬን ለብቻዋ ጠርታ "ቀኙን ጠብቁለት፣ እሱም እንዲህ ከተመታ ልጁ ጨርሶ አይሰማም" አለቻት። እማዬ ለአባዬ ነገረችው። አባዬ አዘነ። የምሬን ነው፣ አዘነ። አዝኖ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የታመመውን ጎን ላለመንካት ብሎ በግራ እጁ ቀኝ ጉንጩን መምታት ጀመረ።

ግራ እጁ ደግሞ ዒላማ አያውቅም። አንዴ አገጩን ያገኘዋል፣ አንዴ አንገቱን፣ አንዴ ዓይኑን። ጋሽዬ በተመታ ቁጥር እማዬ ከጓዳ ብቅ ትልና ከጀርባው ሆና ስሙን ቀስ ብላ ትጠራዋለች። ዞር ካለ ተመስገን ብላ ትመለሳለች። ዘይት እንዳያመልጥ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒውን፣ የምገጥመው፣ ከክዳኑ ሥር የሚገባውን የመክደኛ ወረቀት የምቆርጠው እኔ ነኝ፤ ከእሱ ሥራ አንዲት ጠብታ እንዳትወርድ ብዬ እንደ እብድ ሆንኩ። የቀረችው አንዲት ጆሮ ናት። የእኔን ክፉ ምላስ እንኳ የሚችልልኝ በእሷ ነው።

ባለሞተሩ የመጣው እንግዲህ በዚህ መሀል ነው።

ሰውየው ቀጭን ነው፣ ድምፁ ግን የሦስት ሰው። አጭር ቴላዮ፣ ማለትም የሞተር ሳይክል አጥንት፣ በአንድ ትከሻው ተሸክሞ ገባ። ከኋላው ደግሞ በጋሪ አንድ ረጅም የድሮ ኢንጂን ከጎማዎቹና ከታንከሩ ጋር አስገፍቶ አመጣ። "ይሄን እዚህ ውስጥ ክተቱልኝ" አለ። የዱሮ ነገር ስለሆነ ካምቢዮው ከኢንጂኑ ጋር አንድ ላይ አልተሠራም፤ ማርሾቹ ያሉበት ሳጥን ለብቻው ነው፣ ከኢንጂኑ ኋላ የሚታሰር። ጋሽዬ ሜትሩን አወጣ፣ ለካ፣ እንደገና ለካና ራሱን ነቀነቀ። ኢንጂኑ ከገባ ለካምቢዮው መተኛ ቦታ የለም።

"መንገዱ ላይ ያሉት በሙሉ አይሆንም ብለውኛል" አለ ባለሞተሩ።

ይቺን ባይላት ምን ነበረበት። አባዬ ሌላው ሰው አይሆንም ያለውን ነገር ሲሰማ ደሙ ይሞቃል። "እኛ ጋ ይሆናል" አለና ጋሪውን ወደ ውስጥ ገፋው።

እውነትም ሆነ። ጋሽዬ ካምቢዮውን በቂጡ አቆመው። አዎ፣ ተኝቶ የሚሠራውን ሳጥን ሽቅብ አቁሞ ትንሽ ወደ ኋላ አጋደለውና ካቴናው ከኋላው ጎማ ጋር ቀጥ ብሎ ገጠመ። ከላሜራ መያዣ ቆርጦ በየዳው። ሳየው ኮራሁበት። እሱ ግን አልኮራም፤ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ፈልጎ ግማሽ ውሃ ሞላበት፣ ክዳኑን አጥብቆ ዘጋ፣ የጠርሙሱን ትከሻ በምስማር በሳና ወደ አባዬ ሄደ።

"አባዬ፣ እይማ" አለው። ጠርሙሱን ቀዳዳው ወደ ላይ እንዲሆን አድርጎ አስተኛው። ምንም አልፈሰሰም። ከዚያ በአፉ ደፋው። ውሃው በቀዳዳው የራሱ ጫማ ላይ ወረደ። "የካምቢዮው አየር መተንፈሻ ቀዳዳ እንዲህ ሆኗል። ሲተኛ ከዘይቱ በላይ ነበር፣ አሁን ስናቆመው ከዘይቱ በታች ገባ። የዘይቱ ልክም ተቀይሯል፣ በድሮው ቀዳዳ ከለካነው ይበዛል። ክዳኑን ላውልቀውና የድሮውን መተንፈሻ ልድፈነው። ከዚያ አሁን ከሁሉም ከፍ ብሎ ያለው ቦታ ላይ አዲስ ልብሳ፣ ትንሽ ቱቦም እስከ መቀመጫው ሥር ልሳብለት። በዚያ በኩል ይተንፍስ።"

"የሰው ዕቃ አይበሳም" አለ አባዬ።

"ካልበሳነው ያፈሳል።"

"የሠራው ሰው አውቆ የበሳው ቀዳዳ ይበቃዋል። አንተ ከሠሪው ልትበልጥ ነው?"

"ሠሪው ተኝቶ ይሠራል ብሎ ነው፣ አባዬ። ያቆምነው እኛ ነን።"

በዚህ ቢበቃ ጥሩ ነበር። ጋሽዬ ግን አባዬ ያልገባው መስሎት ጠርሙሱን እንደገና ደፋው፤ ውሃው አሁን የአባዬ ጫማ ላይ ፈሰሰ። ዕቃ በመንጋጋው ነክሶ የሚይዝልን ሞርሳ አለ፤ የማጥበቂያ እጀታው ጉብታ በአንዱ ጫፍ ተሰብሮ ከወደቀ ቆይቷል፤ ብረቱን ሳብ ካደረጉት ይወጣል። አባዬ ሳብ አደረገው። ወረወረው። ጋሽዬን ጎኑ ላይ አገኘው፣ ከዚያ ነጥሮ የመስኮቱን መስታወት ይዞ ወረደ። ጋሽዬ አልጮኸም። ጎኑን ይዞ ቁጭ አለ፣ አፉ እንደ ዓሣ ይከፈታል ይዘጋል፣ ትንፋሽ ግን አይገባም። አባዬ ሄዶ እጀታውን ከስብርባሪው መሀል አነሳ፣ በሱሪው ጠረገው፣ ወደ ሞርሳው መለሰው። ዘይቱንም ራሱ አምጥቶ በድሮው ልክ፣ በድሮው ቀዳዳ እስኪተርፍ ድረስ ሞላበት።

"ካርቶን አምጪ፣ አንቺ ምላሳም" አለኝ።

ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ተነሳሁ። ካርቶኑ ላይ ያለው ጠብታ አልነበረም፤ ሳህን የሚያክል ኩሬ ነው። ካርቶኑን ጎትቼ ሌላ ልተካ ስል የጫማውን ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። አባዬ በሩ ላይ ቆሟል። ጋሽዬም ከኋላው ደርሷል፣ ጎኑን እንደደገፈ።

አባዬ ጎንበስ ብሎ ግራ እጁን ኩሬው ውስጥ ነከረ። ግራ እጁ ከዚያ በፊት እንዲህ ዘይት ጠግቦ አያውቅም፣ እስከ አንጓው ይንጠባጠባል።

"የመክደኛውን ወረቀት የቆረጥኩት እኔ ነኝ" አልኩት። "ተሳስቼ ነው የቆረጥኩት። የእኔ ሥራ ነው።"

አየኝ። ውሸቴን እንደሆነ ያውቃል፣ ግን ሕጉ ሕግ ነው፤ ሠራሁ ያለ ይመታል። እኔን ሲመታኝ ደግሞ በቀኝ እጁ ነው፣ ቀኝ እጁ ዒላማ አይስትም። እጁን ቀየረና ነከረ፣ አሳረፈብኝ። መሬቱ መጥቶ ጉልበቴን መታኝ። አፌ ውስጥ አንድ ጥርስ ተሰብሮ ሲንከባለል ተሰማኝ፤ ካርቶኑ ላይ ተፋሁት። ደሜ ኩሬው ላይ ወረደና ከዘይቱ ጋር እንቢ ብሎ ለብቻው ክብ ሠራ። አባዬ እጁን በጨርቅ እየጠረገ "ነገ ካርቶኑ ንጹህ እንዲሆን" አለና ቁርሱን ሊበላ ሄደ።

ጋሽዬ አጠገቤ በርከክ አለ። ጉንጬን አላየም፣ ጥርሷን ነው ያየው። ካርቶኑ ላይ ያለችውን ትንሿን ጥርስ። ፊቱ ላይ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ነገር መጣ። ምን ነበር ብትሉኝ፣ ቁጣ አይደለም። ቁጣ ቢሆን ደስ ባለኝ።

ተነስቶ አንድ ብሎን መረጠ፣ ክር ጠመጠመበት፣ ማጣበቂያ ቀባውና የካምቢዮው መተንፈሻ ውስጥ አስገብቶ አጠበቀው። መፍቻው እስኪንቋቋ ድረስ ነው ያጠበቀው።

"ደፈንከው?" አልኩት፣ በቀኙ በኩል ዞሬ።

"ደፈንኩት።"

"ሌላ ሳትበሳለት? ሲሞቅ በየት ሊተነፍስ ነው?"

"ካርቶን ላይ ሲቆም አይሞቅም" አለኝ።

"መንገድ ላይ ይሞቃላ። አየሩ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን ገፍቶ በጎሚኒው ያወጣዋል። ጎሚኒው ያለው ካቴናው ጋ ነው፤ ካቴናው ደግሞ ወደ ጎማው ነው የሚረጨው። ጋሽዬ፣ የሚሞክረው እኮ አባዬ ነው።"

መፍቻውን በጨርቅ ጠረገ። አንዴ፣ እንደገና። "አውቃለሁ" አለኝ።

በተለመደው ድምፁ ነው ያለው፣ ቀስ ብሎ። ያ "አውቃለሁ" ቀኑን ሙሉ ሆዴ ውስጥ ተቀመጠ። ጥርሴ ያመኛል፣ እሱ ግን ከጥርሴ በላይ አመመኝ። አባቴን እጠላዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ያን ቀን አሰብኩ። እንዲሞት ግን አልፈለግኩም። ወንድሜም ገዳይ እንዲሆን አልፈለግኩም። ለአባዬ ብናገር ያቺ አንዲት ጆሮ አለቀላት፣ ዝም ብል ደግሞ አባዬ ራሱ። እማዬ "ምን ሆነሻል፣ ፊትሽ አመድ መስሏል" ስትለኝ እንኳ "ጥርሴን ነው" አልኳት።

በማግስቱ ካርቶኑ እንደ ወተት ነጭ ነበር።

አባዬ አየው፣ ገለበጠው፣ ወደ ብርሃን አውጥቶ እንደገና አየው። ከዚያ በሕይወቴ አይቼው የማላውቀውን ነገር አደረገ፤ የጋሽዬን ማጅራት ያዝ አድርጎ ወዘወዘው። "አሁን ሰው ሆንክ" አለው። ጋሽዬ እንደ ግንድ ቆመ። አባዬ መነጽሩን አወለቀ፣ ሞተር ሳይክሏን ከካርቶኑ አወረዳት። የተጠገነውን ሁሉ ራሱ ዳገቱን ወጥቶ፣ በብሎኬት አምራቹ በኩል ወርዶ ሞክሮ ነው ለባለቤቱ የሚያስረክበው።

እግሩን አንስቶ ሊቀመጥ ሲል መሪዋን ያዝኩ።

"አትሂድ" አልኩት። "መተንፈሻው ተደፍኗል። ዳገቱ ላይ ሲሞቅ ዘይቱ ጎማው ላይ ነው የሚወጣው። ቁልቁለቱ ላይ ትወድቃለህ።"

ጋሽዬ ቀና ብሎ አየኝ። የአስተያየቱን ነገር ተዉት። አባዬ ወረደ፣ ጎንበስ አለ፣ ብሎኑን አየ፣ በጣቱ ነካው። እኔ በአባዬና በጋሽዬ መሀል ገባሁ፣ ፊቴን አጠንክሬ ጠበቅኩ።

አባዬ ሳቀ።

"ቀዳዳው ያፈስ ነበር" አለ፤ "ደፈነው፣ ቆመ። ሙያ ማለት ይሄ አይደል እንዴ? አንቺ ወንድምሽ ሲመሰገን ምን ያንገበግብሻል?"

"አባዬ፣ ስማኝ—"

"ካርቶኑን እዪ" አለኝ፣ በአገጩ እያሳየ። "ካርቶኑ ነው የሚናገረው እንጂ አንቺ አይደለሽም።" አስነሳት። ድምፅዋ የቀረውን መስታወት አንቀጠቀጠው፣ ጋራዡ በጭስ ተሞላ፣ ወጣ።

ጫማዬን ሳላስር ተከትዬው ሮጥኩ። በሰፊው መንገድ ዞሮ ነው ዳገቱን የሚወጣው፤ እኔ በደረጃው በኩል አቋርጬ የብሎኬት አምራቹ ግንብ ጋ ስደርስ እሱ መውረድ ጀምሯል። ከላይ ሲመጣ አየሁት። ከኋላው ቀጭን ጥቁር መስመር አስፋልቱ ላይ እየሳለ ነው የሚወርደው፣ የኋላው ጎማ ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል። እጄን አወናጨፍኩ። እሱም ሰላምታ መስሎት እጁን አነሳልኝ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ሰላም አለኝ። ኩርባው ጋ ሲያጋድላት የኋላው ጎማ ከሥሩ ሸሸ። አባዬ በጎኑ ተመታ፣ ተንሸራተተ፣ ግንቡን በትከሻው አገኘው፤ ሞተር ሳይክሏ እየተንሸራተተች መጥታ ላዩ ላይ ወጣችበት። የአጥንቱን ድምፅ ቆሜ ከነበርኩበት ሰማሁት።

ብሎኬት የሚሠሩት ሰዎች ብረቷን አነሱለት። ቀኝ ክንዱ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፏል። ከጉንጩ ቆዳው ተገሽልጦ አሸዋ ተሰግስጎበታል። "ሐኪም ቤት" ሲሉት በእግሩ መታቸው። ተነሳ፣ ተንገዳገደ፣ ሞተር ሳይክሏ ጋ ሄዶ የኋላውን ጎማ በግራ እጁ ዳሰሰው። መዳፉን ገልብጦ አየው፤ ጥቁር ነው፣ ከጣቶቹ መሀል ይወርዳል። ብዙ አየው። ከዚያ እጁን ከሰውነቱ አርቆ፣ እንዳይጠረግበት ተጠንቅቆ፣ ወደ ቤት መሄድ ጀመረ።

የት እንደሚሄድ ገባኝ።

"አባዬ፣ በእናትህ" አልኩት። ሸሚዙን ያዝኩ፣ ተቀደደ። ከፊቱ ቆምኩ፣ በክርኑ ደረቴን ብሎኝ አለፈ። እግሩ ሥር ተጠቀለልኩ፣ ጎትቶኝ ሄደ። ሰው በር በሩ ላይ ወጥቶ ያያል፤ ያን ቀን ግን የሳቀ አልነበረም። በመጨረሻ ለቀቅኩትና ቀድሜው ሮጥኩ።

ጋሽዬ ሞርሳው ጋ ነበር፣ ግራ ጆሮውን ወደ በሩ አድርጎ። ሞርሳው የያዘውን ዕቃ ፈትቶ አውጥቷል፣ የብረቱ መንጋጋ ተከፍቷል። "ጋሽዬ!" አልኩ። አልሰማም። ደርሼ ትከሻውን ስይዘው ዞረ፤ ሲዞር አባዬ በሩን አልፏል።

ከፊታችን ያለው ሰውዬ አባቴን አይመስልም። ደሙ ከአገጩ ይወርዳል፣ ቀኝ ክንዱ እንደ ገመድ ተንጠልጥሏል፣ ግራው ተነስቷል። ጋሽዬ አልሸሸም። እጁንም አላነሳም። ይገባኛል ብሎ ነው መሰል፣ ፊቱን ሰጥቶ ቆመ። ግራው እጅ ሲመጣ አየሁ፤ ወደ ጉንጩ አልነበረም የሚመጣው። የጋሽዬን ኮሌታ ከኋላ ይዤ ባለኝ አቅም ወደ ታች ሳብኩት። ጥፊው ባዶ አየር መታ። አባዬ ሚዛኑን ሳተ፣ ወደ ፊት ወደቀ፣ መውደቂያ ሲፈልግ ግራ መዳፉ የሞርሳው መንጋጋ መሀል ገባ።

አላሰብኩም። እጀታውን አዞርኩት።

መንጋጋው ላይ ስስ ዕቃ እንዳይጎዳ ብለን የለጠፍነው ቆዳ አለ፤ እሱ ባይኖር ኖሮ እጁ ዛሬ እጅ አይሆንም ነበር። እንዲያም ሆኖ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁ። አባዬ ጮኸ። በሕይወቴ ሲጮህ የሰማሁት ያኔ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ደግሜ አዞርኩት። ከዚያ እጀታውን ሳብ አደረግኩት፣ ወጣልኝ።

"ፍቺኝ" አለ።

"አልፈታህም።"

"አባትሽ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አልኩት፤ ድምፄ የጋሽዬን ሲመስል ለራሴ ተሰማኝ። "ጋሽዬ፣ ተነስ። ካምቢዮውን ፍታው። እሱ እያየ በሳው።"

ጋሽዬ መሬት ላይ እንደተቀመጠ ሁለታችንንም አየን። የብሎኬቱ ሰዎች ሞተር ሳይክሏን ገፍተው አስገቡ፣ አባዬን አዩ፣ እጀታውን እጄ ላይ አዩና ወጡ። ያኔ ጋሽዬ ተነሳ።

ዘይቱን አፈሰሰው። ክዳኑን አወለቀው። የብረት ብናኝ ማርሾቹ ውስጥ እንዳይገባ ክዳኑን ለብቻው ጠረጴዛ ላይ አሰረና መብሻውን፣ ትራፓኖውን፣ አነሳ። ብረቱን ሲነካው አባዬ ራሱ የተበሳ ያህል ተንቀጠቀጠ። እማዬ በጩኸቱ ሙቅ ውሃና ጨርቅ ይዛ መጣች። ሞርሳውን አየች፣ እኔን አየች፣ የጋሽዬን ጆሮ አየች። "ፍቺው" ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። በርጩማ ስባ ከአባዬ ጎን ተቀመጠችና ከጉንጩ አሸዋውን ትለቅም ጀመር። የተሰበረውን ክንዱን በሻርፗ አንገቱ ላይ አሰረችለት።

"አንቺም?" አላት።

"ዝም በል፣ ቁስልህ ውስጥ ውሃ ይገባል" አለችው።

ባለሞተሩ የገባው በዚህ ሰዓት ነው። የነዳጅ ታንከሯን አየ፣ ያብለጨለጨች መሰለው፣ ቀርቦ ሲያያት ቀለሟ ተፍቋል። ከዚያ አባዬን አየ።

"ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?"

አባዬ ቀና አለ። ከነደሙ፣ ከነተያዘ እጁ። "ሥራ እያየሁ ነው" አለው። "ሞተርህን እኔ ነኝ የጣልኳት፣ ቀለሟን እቀባልሃለሁ።"

"ለካምቢዮው አዲስ መተንፈሻ መብሳት ጀምረናል" አልኩት ባለሞተሩን። "ይቅር ካልክ ይቀራል።"

"እኔ መንዳት ነው የምፈልገው፣ ብሱት፣ ወንፊትም አድርጉት" አለና ወደ አባዬ እንደገና ሳያይ ወጣ። አባዬ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

ጋሽዬ ብናኙን አጠበ፣ በአዲሱ ቀዳዳ ላይ ቱቦ ገጠመ፣ ቱቦውን እስከ መቀመጫው ሥር ሳበው። አዲስ ጎሚኒ ሰጠሁት፣ የጎሚኒውን ከንፈር ወደ ውስጥ አድርጎ አስገባው። የዘይቱን ልክ በድሮው ቀዳዳ አልለካም፤ በቀጭን ሽቦ የታችኛው ማርሽ የት ድረስ እንደሚጠልቅ አይቶ በዚያ ሞላው፣ ከአባዬ ልክ በጣም አነሰ። ካርቶን አነጠፍኩ። ሞተር ሳይክሏን ማቆሚያዋ ላይ ሰቅሎ፣ የኋላው ጎማ በአየር ላይ እየተሽከረከረ አስነሳት፤ ካምቢዮው እጅ እስኪፈጅ ድረስ አሞቃት። አራታችንም ካርቶኑን እናያለን። እማዬ እንኳ ጨርቋን ይዛ ጎንበስ ብላለች። አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

አጠፋት። ያኔ እጀታውን መልሼ ከተትኩና ሞርሳውን ከፈትኩት።

አባዬ እጁን ቀስ ብሎ አወጣ። አብጧል፣ ሁለቱ ጣቶቹ አይታጠፉም። ሁላችንም ወደ ኋላ አልን። እሱ ግን ሞተር ሳይክሏ ጋ ሄዶ ያበጠውን መዳፉን ከመቀመጫው ሥር የቱቦው አፍ ላይ አደረገ። ሞቅ ያለ አየር ይወጣል። እጁን እዚያው አቆየው።

ጋሽዬ ጎማውን ሊያጸዳ ጎንበስ ብሏል። አባዬ በግራው በኩል ነው የቆመው።

"የእኔ ጥፋት ነው፣ ልጄ" አለ።

ድምፁ ትንሽ ነበር። እማዬ በርጩማው ላይ እንዳለች አፏን በእጇ ያዘች። እኔ የሰማሁት እውነት መሆኑን ተጠራጠርኩ፣ በዚህ ጋራዥ ጥፋት የእሱ ሆኖ አያውቅም። ጋሽዬ ጎማውን መጥረግ አላቆመም። አባዬ መልስ ጠበቀ። አንገቱን ደፍቶ ብዙ ጠበቀ።

"በዚያ ጆሮው አይሰማም" አልኩት። "በወዲያ በኩል ዞረህ ንገረው።"

እግሩን እየጎተተ በፊተኛው ጎማ በኩል ዞረ። ጋሽዬ በዓይኑ ጠርዝ ያ ግራ እጅ በቀኙ በኩል ሲመጣ አየ። ጨርቁ ከእጁ ወደቀ። ጎማው ሥር ኩርምት አለና ቀኝ ጆሮውን በሁለት እጁ ሸፈነ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

አባዬ ባለበት ቆመ። እጁን ከጀርባው ደበቀ፣ ምንም እንዳልያዝኩ እይ ለማለት ይመስላል። ከዚያ ያንኑ ቃል ደገመው፣ አሁን ጮክ ብሎ። ጋሽዬ ግን ዓይኑን አልከፈተም፣ እጁንም ከጆሮው ላይ አላወረደም።